የዋርሳዬ ትራክተርና የቀንበር ልክ

ዋርሳዬ ትራክተሯን ከአምቦ በጭነት መኪና አስጭኖ ከተማችን ሸነን ያስገባ ዕለት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። እኔ አልቆምኩም። ከግቢዬ በር ሆኜ ነው ያየኋት። ጣውላ ጋድመው እያንከባለሉ ሲያወርዷት ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ትራክተር ሲባል እኔ የማውቀው በወጣትነቴ የመንግሥት እርሻ ላይ ያየሁትን፣ ጎማው ብቻ ከሰው ቁመት የሚበልጠውን ነው። ይቺ ግን ቁመቷ ከደህና ጥጃ አይበልጥም። ከኋላዋ እንደ ድመት ጥፍር የተቆለመሙ ብረቶች የተሰካኩበት ዘንግ አንጠልጥላለች። እየተሽከረከረ መሬቱን የሚቆፍረው እሱ ነው አሉ። ዋርሳዬ ወጥቶ ሲቀመጥባት ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።

«እትዬ! እንዴት አዩዋት?» ብሎ ከዚያው ጮኸ።

«ጥሩ ናት። የቀረችውስ መቼ ነው የምትመጣው?»

«የምን የቀረች?»

«ግማሿ።»

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ይህ ዋርሳዬ የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ከሸነን አምቦ ሚኒባስ በመንዳት ነው። ሚኒባሱ ሲያረጅ ሸጦት በምትኩ ይቺን ገዛ። የሚኒባሱን ጌጥ ግን አልሸጠም። የፕላስቲክ አበባውን፣ ከመስታወቱ ላይ ይንጠለጠል የነበረውን ዘርፍ፣ ያን የሚያደነቁር ጥሩምባ ሳይቀር ነቅሎ ትራክተሯ ላይ ሰካው። እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም። ቢሆንም ድንች የሚተከልበት መሬት ላይ ጥሩምባ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳኝ የተማረ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

የሰፈራችንን አቀማመጥ ልናገር። ከዋናው መንገድ አንድ ቀጭን መተላለፊያ ወደ ታች ይወርዳል። አፉ ላይ የሐጂ ሱቅ አለ። ሐጂ ከደቡብ መጥተው እዚህ ያረጁ ነጋዴ ናቸው፤ ከሱቃቸው ጀርባ ጎመንና ቃሪያ ይተክላሉ። ከሳቸው ቀጥሎ በቀኝ የኔ ግቢ ነው። በግራ ደግሞ የዋርሳዬ ግቢ ይጀምርና ጓሮው መተላለፊያውን ታክኮ እስከ ታች ይወርዳል። በመጨረሻ፣ መንገዱ የሚያልቅበት፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ቤት አለ። እኔ «አዴ» ነው የምላት። እኩያሞች ነን። ልጅ አልወለደችም። ዳሌዋን ከታመመች ወዲህ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ከጓሮዋ ሌላ መሬት የላትም፤ ዓመቱን የምታልፈው ከዚያችው ጓሮ በሚወጣ ድንችና በጥቂት እግር እንሰት ነው።

በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው የሰፈሩ ወንዶች በሬያቸውን አምጥተው ጓሮዎቹን በደቦ ያርሱ ነበር። የሚጀመረው ወንድ ከሌለበት ቤት ነው። ባለ በሬው መጨረሻ ላይ የራሱን ያርሳል። ስለዚህ አንደኛዋ አዴ ነች፣ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። ባሌ በሕይወት ሳለ የኛ ጓሮ ከሁሉም በኋላ ነበር የሚታረሰው። አንድም ቀን ሲያጉረመርም አልሰማሁትም።

ከዚሁ ከደቦው ጋር የሚሄድ ሌላ ደንብ አለ። የመተላለፊያው ስፋት የቀንበር ልክ መሆን አለበት። የተጠመደ በሬ እንደ ተጠመደ ካልወረደ ታች ያለው ጓሮ አይታረስማ! ስለዚህ አጥሩን የሚያድስ ሰው የመጨረሻውን አጣና ከመትከሉ በፊት፣ ሁለት ሰው ቀንበር አግድም ይዞ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ቀንበሩ ሳይነካ ካለፈ አጥሩ ይተከላል፤ ከነካ ባለ አጥሩ ወደ ግቢው ይሰበስባል። አማቼ፣ የባሌ አባት፣ ይህን ሲያደርጉ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ቀንበር እስከ ዛሬ እኔ ቤት ጣራው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል።

ዋርሳዬ ግን በዐቢይ ጾም ቤት ለቤት እየዞረ ወንዶቹን ሰበከ።

«ዘንድሮ በበሬ የሚያርስ ሰው ይሳቅበታል። ትራክተር እያለ በሬ መቀለብ ምን ይባላል? ጓሮአችሁን እኔ በየተራ አርስላችኋለሁ።»

እነሱም ሰሙት። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የፋሲካ ዕለት የሰፈሩን አራሽ በሬዎች ለቅርጫ አረዷቸው። ትራክተሯ ገና አምቦ ናት፤ እነሱ ግን በሬውን በልተው ጨርሰዋል። ሥጋው እንደ ጠፍር ነበር። ስንት ዓመት ያረሰ በሬ ምን ሊሆን ኖሯል? ለኔም ድርሻዬ መጣልኝ፤ በቀሩኝ ጥርሶች ሞክሬ ለምራቴ ሰጠኋት። ከሰፈሩ በሬዎቹን ያልቀመሱት ሐጂ ብቻ ናቸው።

ትራክተሯ በመጣች ማግስት ዋርሳዬ የራሱን ጓሮ አርሶ አሳየን። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ በደቦ ጊዜ ባለ በሬው ኋላ ነበር። ጩኸቷ ዶሮዎቹን አጥር አዘለላቸው። ብረቶቹ እየተሽከረከሩ አፈሩን ወደ ላይ ሲበትኑት ከኋላዋ የቆመ ሁሉ ፊቱ በአፈር ቀላ። በየመሀሉ አሮጌ የጆንያ ክርና የእንሰት ቃጫ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ያኔ ጌታው ኮፍያውን አውልቆ ይወርዳል፣ ይንበረከካል፣ በቢላ እየቆረጠ ይፈታል፣ እንደገና ይወጣል፣ ጥሩምባውን ይነፋል። ልጃገረዶቹ በስልካቸው ይቀርጹታል። ፍርድ ማጉደል ስለማልወድ እናገራለሁ፤ አፈሩን አለስልሳዋለች። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዘግኜ አየሁት። የተነፋ ዱቄት ይመስል ነበር። ይህን ለሱ አልነገርኩትም።

በሚቀጥለው ቀን መተላለፊያው አፍ ላይ ቆሞ «ተራ ያዙ! መንገድ ዳር ያላችሁ ቅደሙ!» እያለ ይጮህ ጀመር። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

«ከማን ነው የምትጀምረው?»

«ከሐጂ። ቀጥሎ የርስዎን። ያው የወንድሜ ቤት አይደል?»

«አዴስ?»

«አዴ ታች ናት እትዬ። ትራክተር እንደ በሬ ሳር በልቶ አይሠራም፤ ነዳጅ ነው የሚጠጣው። ለአንዲት ጓሮ ብዬ ባዶዬን አልወርድም። ወደ ታች ሌላ የሚያሳርስ ከተገኘ አብሬ እወርዳለሁ።»

«እ! ካልሞላ አይነሳም በለኛ! ረዳት ቅጠርና "ታች፣ ታች፣ አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጥራልህ።»

ሐጂ ከሱቃቸው ውስጥ ሳቃቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«እትዬ፣ እርስዎ ምን አስጨነቀዎት? ዛሬውኑ የርስዎን አርሼ ልገላግልዎ።»

«የኔ ተራ ሁለተኛ ነው። አንደኛዋ ሳትታረስ ሁለተኛ የሚባል የለም» አልኩትና ተመልሼ የግቢዬን በር በግንድ ደገፍኩት።

ምራቴ ይህን ስታይ አበደች። ልጄ ለሥራ ርቆ ስለሚኖር ከኔው ጋር ያለች፣ እጇ ሥራ የሚወድ፣ ምላሷም ከእጇ የማያንስ ሴት ናት።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው? ደጃችን ድረስ መጥቶ እኮ ነው! ጓሯችን ጦሙን ይደር?»

«ጦሙን አያድርም። ተራውን ይጠብቃል።»

«ዝናቡስ ተራ ይጠብቃል?»

እውነቷን ነበር። እውነቷን ነው ማለት ግን በሩን እከፍታለሁ ማለት አይደለም።

ዋርሳዬ የሐጂን አረሰ። ከዚያ ዋናው መንገድ ዳር ያሉትን ጓሮዎች ተያያዘው። ጠዋት ጠዋት ጥሩምባው ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ ትራክተሯን ሰው ሁሉ የሚያይበት ቦታ አቁሞ፣ እግሩን አነባብሮ ይቀመጣል። በሬያቸውን የበሉት ወንዶች ዙሪያውን ከበው «አለቃ፣ የኔስ መቼ ነው?» ይሉታል። እሱም እንደ ከንቲባ ራሱን እየነቀነቀ «እናያለን» ይላል። ትናንት የራሳቸው በሬ የነበራቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ! ባለፍኩ ቁጥር እንደ ዝንብ ዓይኔ ውስጥ ይገቡብኝ ነበር።

በዚህ መሀል ከጅባት ጫካ በኩል ደመናው በየቀኑ እየወፈረ ይመጣል። ዝናቡ አንዴ ከጠና ያ ዱቄት የሚመስለው አፈር ጭቃ ይሆናል፤ ትራክተርም በሬም አይገባበትም። አዴ ቤት ስገባ ዘር ድንቹ ቆጡ ሥር ሳር ላይ ተበትኖ አቆጥቁጦ አገኘሁት። ቡቃያው ጣት አክሎ ወይን ጠጅ ቀለም ይዟል። ድንች ከዚያ በላይ ከቆየ ይሟሽሽና ለዘርም ለምግብም አይሆንም። ሌላ ዘር የላትም። ያ ድንች መሬት ካልገባ ክረምቱን የምትበላው ምን እንደሆነ አሰብኩና ራሴን ነቀነቅኩ።

እሷን ቤት ውስጥ አጣኋት። ከጓሮ በኩል ዶማ ሲያርፍ ሰማሁ። ብሄድ ዱካ ላይ ተቀምጣ ትቆፍራለች። እጇ የደረሰበትን ያህል ትቆፍርና በምርኩዟ ተነስታ ዱካውን ትንሽ ታንፏቅቀዋለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። የቆፈረችው መሬት የአልጋ ያህል አይሞላም። ላቡ በአገጯ ይንጠባጠባል።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አልኳት።

«ማሎ፣ እባክሽ፣ አትቆጪኝ። ሰዎቹ ሥራ በዝቶባቸው ነው። ቀስ እያልኩ እጨርሰዋለሁ።»

«ሥራ በዝቶባቸው! ሻይ ቤት ተቀምጠው ጢማቸውን የሚያሹት ሰዎች?»

«የሰው ልጅ ይደክመዋል እኮ፣ ኦቦሌቲ።»

አዴ እንዲህ ናት። ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ እያለች ታለሳልስሻለች። ሰው ራሷ ላይ ቢቀመጥባት «ተመችቶሃል ወይ?» ብላ የምትጠይቅ ሴት ናት። እወዳታለሁ፤ ይህ ጠባይዋ ግን እንደ ዋርሳዬ ጥሩምባ ነው የሚያናድደኝ። ዶማውን ቀማኋትና በቀጥታ ወደ ሻይ ቤቱ ወጣሁ። ዶማውን እንደያዝኩ መሆኔን ያወቅኩት ሰዎቹ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሲስቡ ነው።

«አንተ ሚኒባስ!» አልኩት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

«እትዬ፣ ምነው በሰላም?»

«በሬዎቹን አስበላሃቸው። የበላኸውን በሬ ሥራ ሥራ እንግዲህ። አንዲት በምርኩዝ የምትሄድ ሴት ዱካ ላይ ተቀምጣ መሬት እየቆፈረች ነው። የማን ተራ እንደነበር ከዚህ መሀል የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ!»

እጅ ያወጣ የለም። አንዱ ሻዩን እፍ እፍ አለ፤ ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

«ነገ ጠዋት እወርዳለሁ፤ በቃ» አለ ዋርሳዬ ፊቱን ሳያዞር።

እውነትም በማግስቱ ጠዋት ወረደ። ሰው ተከተለው። ትራክተሯ ከመንገዱ ታጥፋ መተላለፊያው ውስጥ ገባች። የሐጂን ሱቅ አለፈች፣ የኔን በር አለፈች። ትንሽ ዝቅ ስትል በቀኝ በኩል አንድ ትልቅ ወይራ አለ። እኔ ለዚህ ቤት ስዳር የነበረ ወይራ ነው። በግራ ደግሞ የዋርሳዬ የቆርቆሮ አጥር። እዚያ ስትደርስ ቆርቆሮው ሲጥ ብሎ ጮኸ፤ ትራክተሯ ቀጥ አለች። ጎማዋ በአንድ በኩል ወይራውን፣ የቁፋሮ ዘንጓ በሌላ በኩል አጥሩን ነክሷል። ወደፊት ቢላት እምቢ አለች። ወደ ኋላ ሲላት እነዚያ የድመት ጥፍሮች የቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ገብተው ተቆለፉ። ዋርሳዬ ከላይዋ መውረድም አቃተው፤ ግራና ቀኙ ተዘግቷል። በመጨረሻ በኋላዋ በኩል እንደ ፍየል ተንጠላጥሎ ወረደ።

«ጠባብ ነው!» አለ ልብሱን እያራገፈ። «አላልኳችሁም? በበሬ ዘመን የተሠራ መንገድ ለማሽን አይሆንም። ይሄ ወይራ ይቆረጥ። ታችም አዴ በር ላይ ያሉት እንሰቶች ይነሱ። ያኔ እገባለሁ።»

አዴ ከታች በምርኩዟ እያነከሰች ደርሳለች። «ይቆረጥ የኔ ልጅ» አለች። «ወይራውም ይቆረጥ፣ እንሰቱም ይቆረጥ። ማሎ፣ አንተ ብቻ አትቆጣ። ቤት መጥረቢያ አለኝ።» ዞራ መጥረቢያዋን ልታመጣ መንገድ ጀመረች።

«ቁሚ!» አልኳት። «እንሰትሽን የምትቆርጪ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም!»

እንሰት ስንት ዓመት ጠብቀሽ የምትበዪው ነገር ነው። ለዚህ የፕላስቲክ አበባ ለሰካ ሰውዬ ተብሎ ይቆረጣል? ቤቴ ገባሁ። ምራቴን «ያን ከላይ አውርጂልኝ» አልኳት። ወዲያው ገባት። ጠዋት ሙሉ አኩርፋኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ወንበር ላይ ወጥታ አቧራውን በቀሚሷ እየጠረገች ቀንበሩን ስታወርድ ፈገግ አለች።

«ሐጂ» አልኩ መንገዱ አፍ ላይ ስደርስ፣ «እባክዎ በዚያ በኩል ይያዙልኝ።»

«እኔ?» አሉ ሐጂ ከሱቃቸው ብቅ ብለው።

«እርስዎ። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል በሬውን ያልበሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እሱስ ልክ ነው። ከሥጋው አልቀመስኩም፤ መመስከር እችላለሁ» አሉና ቆባቸውን አስተካክለው ወጡ።

ቀንበሩን አግድም ይዘን ከላይ ጀመርን። በሳቸው ሱቅና በማዶው አጥር መሀል ሰተት ብሎ አለፈ። በኔ በርም አለፈ። ሰዉ ከኋላችን ይከተላል። ወይራው ጋ ከመድረሳችን በፊት፣ የዋርሳዬ ቆርቆሮ ከሚጀምርበት ትንሽ እንዳለፍን፣ የሐጂ ጫፍ ቆርቆሮውን መታ። ድምፁ እንደ ደወል አስተጋባ።

«ነካ» አሉ ሐጂ።

«ነካ» አልኩ እኔም።

ዋርሳዬ እጁን አወናጨፈ። «እትዬ፣ እሱ እኮ የድሮ ቀንበር ነው! የድሮ በሬ ትልቅ ነበር!»

«የድሮውን ተወው። የዘንድሮው በሬ ሆድህ ውስጥ ነው፤ ስፋቱን እሱን ጠይቀው።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እነዚያ ሻይ ቤት «አለቃ» ይሉት የነበሩት ሳይቀሩ እየተደጋገፉ ሳቁ። አንዱ ሮጦ የራሱን ቤት ቀንበር አምጥቶ ከኔው ጋር አስተያየው፤ አልተበላለጡም። ትራክተሯንም ከቀንበሩ ጋር አስተያዩ፤ በጥቂት ጣት ታንሳለች። መንገዱ እንደ ደንቡ ቢሆን ኖሮ ዋርሳዬ እያፏጨ ይወርድ ነበር።

«ወይራው ይሆናል ወደዚህ የመጣው» አለ ዋርሳዬ። ይህን ሲል ትንሽ እንኳ አላፈረም።

«ተራምዶ?» አልኩት። «በምን እግሩ? ወይስ አንተ ነህ በሚኒባስ ያመጣኸው?»

ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ሆኗል። ዋርሳዬ የድሮውን የእንጨት አጥር አፍርሶ ቆርቆሮ ያስመታው ሚኒባሱን በሸጠበት ሰሞን ነው። ሠራተኞቹን ያመጣው ከአምቦ ነበር። እነሱ ስለ ቀንበር ልክ ምን ያውቃሉ? ቀንበር ያሳለፈ የለም። ወንዶቹም በሬ አርዶ ለመብላት እያሰቡ ስለነበር በሬ የሚያልፍበት መንገድ ማንንም አላሳሰበው። እንግዲህ ከአጥሩ ያተረፈው ምንድነው? ጥቂት መስመር ነጭ ሽንኩርት። ለዚያ ሲል የገዛ ትራክተሩን በገዛ ቆርቆሮው ማነቆ ውስጥ አስገባት።

«የኔን አጥር ማንም አያነሳም» ብሎ እጁን አጣምሮ ቆመ። «አሁን ወይራውን እንቆርጣለን፤ አለቀ።»

«ወይራው የማነው?» አሉ ሐጂ በለሆሳስ።

«የኔ ነው» አልኩ። «መጥረቢያ የሚያነሳበት ሰው መጀመሪያ በኔ አልፎ ይሂድ።»

ያኔ ከጅባት በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። ሰው ሁሉ ቀና አለ። ይህ መተላለፊያ ዝናብ ሲመጣ ከዋናው መንገድ የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ዋርሳዬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ተወልዶ ያደገበት ነው። ሰማዩን አየ። ትራክተሯን አየ። ቆርቆሮውን አየ። የፕላስቲክ አበባዋ በነፋሱ ትወዛወዛለች። ለአዴ ድንች ያልተንቀሳቀሰ ልቡ ለትራክተሩ ሲሆን እንዴት እንደ ፈጠነ ብታዩት! «ምን ቆማችኋል፣ መንቀያ አምጡ እንጂ!» ብሎ ራሱ መጀመሪያውን ቆርቆሮ ገነጠለው።

ቆርቆሮው ሲነሳ ከጀርባው ያለው ታየ። የድሮው አጥር ጉቶዎች ነጭ ሽንኩርቱ መሀል፣ በቀጥታ መስመር፣ እንደ ተሰለፉ ቆመዋል። ከወይራው እስከ ጉቶዎቹ ያለውን በቀንበሩ ለካነው፤ ልክ ገጠመ። ሐጂ በጸሎታቸው ቋንቋ አንድ ነገር አጉረመረሙ።

ዋርሳዬ ትራክተሯ የምታልፍበትን ያህል ብቻ ገንጥሎ ሊቀመጥባት ሲል ግን አፌን ከፈትኩ። «እስከ ታች» አልኩት። «እስከ መጨረሻው አጣና ይነቀል። ከዚያ ታልፋለህ።» ወንዶቹን አየ። ማንም አላገዘውም። ይልቁንስ ራሳቸው ገብተው እየነቀሉ ወደ ግቢው ወረወሩለት። በሬ መብላት የተማረ ሰው አጣና መንቀል አያቅተውም።

አዴ ጓሮ ሲገባ ጥሩምባውን አልነፋም። አንገቱን ቀብሮ ከጫፍ ጫፍ አረሰው። ያችን አልጋ የምታህል አዴ የቆፈረቻትን ቦታ ሲደርስ ግን ዘንጉን ከፍ አድርጎ ዘለላት። ለምን እንደዘለላት አላውቅም። አፍሮ ይሁን ነዳጅ ቆጥቦ፣ ጠይቄው አላውቅም። እኛ ሴቶቹ ከኋላ ከኋላው ድንቹን እንቀብር ጀመርን። አዴ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ቡቃያው ወደ ላይ እንዲሆን እያስተካከለች ትሰካለች። «ቀስ በሉ፣ ቡቃያው እንዳይሰበር» እያለች ሁላችንንም ታዘናለች። አዴ ሰው ስታዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የመጨረሻው ድንች ሲገባ የዝናቡ ጠብታ ጀመረ። «እትዬ፣ አሁን የርስዎ ተራ ነው፤ ልግባ?» አለ ዋርሳዬ። በሩን ከፈትኩለት። ተራዬ ነዋ! ገና ሁለት ጊዜ ሳይመላለስ ግን ሰማዩ ተቀደደ። አፈሩ ብረቶቹ ላይ እየተለጠፈ ዘንጉ የጭቃ ግንድ ሆነ፣ ጎማው እየተንሸራተተ መሬቴን ይደፈጥጠው ገባ።

«ውጣ!» አልኩት። «ይብቃህ። አፈሬን ጡብ ልታደርገው ነው።»

የኔ ጓሮ እንዲያ ቀረ። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ምራቴና እኔ በዶማ ቆፈርነው። እሷ በየመሀሉ «መጀመሪያ ቀን ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር» ትለኛለች። እኔም «ቆፍሪ» እላታለሁ። ግማሹን ሳንደርስበት አረም ወረሰው። ብዙ ድንች አላገኘንም። ተራ የሚያስከብር ሰው ተራው ሲያመልጠው አያለቅስም።

የአዴ ድንች ግን ያዘ። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ መሬቱን ሸፈነው። ቆፍራ ባወጣችበት ቀን ቀቅላ፣ በሚጥሚጣ አድርጋ፣ በሰሐን ከድና ስትወጣ አየኋት። ለኔ ያመጣች መስሎኝ በሩን ከፈትኩ። እያነከሰች አልፋኝ ዋርሳዬ ቤት ገባች።

ስትመለስ ያዝኳት። «ለሱ? ከሁሉ በፊት ለሱ?»

«አረሰልኝ እኮ፣ ኦቦሌቲ።»

«ትራክተሩን ለማዳን ነው አጥሩን ያነሳው! ላንቺ መስሎሻል?»

«ኤዬ፣ አውቃለሁ» አለች ምርኩዟን እያስተካከለች። «ድንቹ ግን ለምን እንደታረሰለት አያውቅም። በቅሏል። ያንቺን ደግሞ እያበሰልኩ ነው፤ ነይ ቤት እንብላ።»

ሄድኩና በላሁ። ድንቹ ጥሩ ነበር። እሷ የተናገረችው ነገር ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከዚያ ወዲህ ወንዶቹ ዋርሳዬን ተራ መለመን ትተዋል፤ አንዳንዶቹም መልሰው ጥጃ ማሳደግ ጀምረዋል። ዋርሳዬ ሚያዝያ ሲመጣ ሳይጠየቅ ከአዴ ይጀምራል፤ በየመንገዱም ደንቡን እሱ ያወጣው ይመስል ያወራል። ያውራ። ቆርቆሮውን ጉቶዎቹ ባሉበት መልሶ መትቶታል። እኔ ግን አላምነውም። ግቢው ውስጥ መዶሻ ሲመታ በሰማሁ ቁጥር ምራቴን ጠርቼ፣ ሐጂን ጠርቼ፣ ቀንበሩን ይዤ እወጣለሁ።

«እትዬ፣ የዶሮ ቤት እየጠገንኩ ነው!» ይላል በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ።

«ጠግን» እለዋለሁ። «እኛ መንገዳችንን እያለፍን ነው።»

አግድም ይዘነው እስከ አዴ በር እንወርዳለን።